ከፈተናው በፊት ያሉት አራት ዓመታት

በደቡብ ጎንደር ዞን ሁለተኛ ደረጃን አጠናቅቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሻገር ተማሪ ዋነኛው ደጋፊ መንግሥት ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ያለፈ ወጣት፣ ወላጆቹ ጥሪት ያላቸው ገበሬዎች ይሁኑ የሴፍቲኔት ተረጂዎች፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ መኝታ፣ ምግብና ትምህርት ያገኛል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም፣ በደጋው ድሃ ቤት ለተወለደ ልጅ ከማናቸውም የውጭ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል ይልቅ የቀረበና የሰፋ በር ሆኖ ኖሯል። ሆኖም በሩ የሚከፈተው ፈተናውን ላለፈ ብቻ በመሆኑ፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉት አራት ዓመታት፣ ማለትም የተማሪው ዕጣ በእርግጥ የሚወሰንባቸው ዓመታት፣ ባለቤት አጥተው ይታያሉ።

የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ 4,000 ሜትርን በሚያልፈው በጉና ተራራ አካባቢ የተቆረቆረች ናት። በዙሪያዋ ያለው የፋርጣ ገበሬ ገብስ፣ ስንዴ፣ ድንችና ባቄላ ያመርታል፤ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ያለው የፎገራ ገበሬ ደግሞ ሩዝ እያመረተ ለገበያ ያቀርባል። በስተምሥራቅ ያሉት ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ፣ እንዲሁም በስተሰሜን ያለው እብናት፣ መሬታቸው የተራቆተና ዝናባቸው የማይታመን በመሆኑ፣ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ ማለትም ለተደጋጋሚ የምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦች በሕዝባዊ ሥራ ተሰማርተው እህል ወይም ገንዘብ በሚያገኙበት ሥርዓት፣ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ቢስፋፋም፣ ሁለተኛ ደረጃ ግን በአብዛኛው የሚገኘው በወረዳ ከተሞችና ከፍ ባሉ የገጠር ከተሞች ነው። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ የገጠር ልጅ ወይ በየቀኑ ረጅም መንገድ በእግሩ መመላለስ፣ ወይም በከተማ ቤት ተከራይቶ መኖር ግድ ይሆንበታል።

የኪራይ ተማሪ ኑሮ በደብረ ታቦርም፣ በንፋስ መውጫም፣ በአዲስ ዘመንም፣ በወረታም፣ በመካነ ኢየሱስም መልኩ ተመሳሳይ ነው። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ልጆች ከባለቤቱ ግቢ ዳር በተሠራች ጠባብ የጭቃ ክፍል ኪራይ ተካፍለው ይኖራሉ፤ በአንዱ ጥግ የከሰል ምድጃና ጥቀርሻ የለበሰ ድስት፣ በሌላው ጥግ ጥቂት ደብተሮችና በተራ የሚነበብ መጽሐፍ፣ በግድግዳው ሚስማር ላይ ደግሞ የስንቅ ከረጢት ይታያል። በገበያ ቀን ወላጅ እህሉን በአህያ ጭኖ ሲመጣ ለልጁ የሳምንቱን እንጀራ ወይም ዱቄት፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ይዞለት ይመጣል፤ ወላጁ ያልመጣለት ልጅ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግሩ ወደ አገሩ ወጥቶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ከሳምንቱ ቀድሞ ሲያልቅ ጓደኛ ከጓደኛው ይካፈላል፤ የሁሉም ሲያልቅ የሚቀረው በባዶ ሆድ ክፍል መግባት ወይም ከትምህርት ቀርቶ የቀን ሥራ መፈለግ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ጥናቱ በሻማ ወይም በስልክ ብርሃን ይቀጥላል፤ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ያበቃል።

ለሴት ልጅ ይህ ኑሮ ተጨማሪ ሸክም አለው። ከወንድሟ ወይም ከዘመዶቿ ጋር የምትኖር ተማሪ ብዙ ጊዜ ለሁሉም የምታበስለውና ውኃ የምትቀዳው እርሷ ናት፤ የማጥኛ ሰዓቷም በዚያው ልክ ያጥራል። ብቻዋን የተከራየች ልጅ የደኅንነት ሥጋት አለባት፤ ሥጋቱም ወላጆቿን አስጨንቆ ከትምህርት ቤት እንዲያስቀሯት፣ ያለዕድሜ ጋብቻ ሥር በሰደደበት በዚህ አገር ደግሞ እንዲድሯት ምክንያት ይሆናል። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለ፣ የሴት ተቆጣጣሪ ያለው አንድ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ በዚህ ረገድ ከብዙ የምክር ስብሰባ ይልቅ ፍሬ የሚሰጥ መሆኑን ለመረዳት የአንዲት የኪራይ ተማሪን ቀን መመልከት ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው የዩኒቨርሲቲ ድጋፍ አሠራሩ የሚከተለው ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪ መጋራት የሚባለውን ውል ይፈርማል፤ በውሉም ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ እንዲሁም የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ለመክፈል ይስማማል፤ በመምህርነት የሚሰማራ ምሩቅ ግዴታውን በአገልግሎት የሚወጣበት መንገድም ተቀምጧል። የተማሪው የዕለት ምግብ በጀት ለብዙ ዓመታት 15 ብር ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ 22 ብር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኑሮው ውድነት አስገድዶ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። አከፋፈሉ ከነድክመቱ ፍትሐዊ ነው፤ ድሃው በድህነቱ ምክንያት ከበሩ አይመለስምና፣ ዕዳውንም የሚከፍለው ካገኘው ገቢ ላይ ነውና። በደብረ ታቦርም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተከፈቱት ሦስተኛ ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ ከጉና ሥር ለሚያድግ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት በዓይን የሚታይ ነገር ሆነ።

በሩን ያጠበበው ፈተናው ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ የተደረገው ለዓመታት የፈተናውን ክብር ያጎደፈው ስርቆትና ኩረጃ እንዲቆም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹን ማምጣት ግዴታ ሆነ። ውጤቱ አገር ያስደነገጠ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። ቁጥሩ የተማሪውን ስንፍና ብቻ የሚያሳይ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው፤ ቤተ ሙከራ ሳያይ ኬሚስትሪን፣ ኮምፒውተር ሳይነካ በኮምፒውተር የሚሰጥን ፈተና፣ በቂ መምህርና መጽሐፍ ሳያገኝ ፊዚክስን የሚፈተን ልጅ ከተሟላ የከተማ ትምህርት ቤት ከመጣው ጋር በአንድ ሚዛን ተመዝኗልና። ፈተናው እውነተኛ መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ ፈተና የሚያወጣው እውነት ስለ ትምህርት ቤቱም ጭምር ነው።

ለዚህ ውጤት ትምህርት ሚኒስቴር የሰጠው ምላሽ የማካካሻ ትምህርት ወይም ብዙዎች ሬሜዲያል የሚሉት መርሐ ግብር ሲሆን፣ 50 በመቶ ያልሞላላቸው ነገር ግን ከሌሎች የተሻለ ነጥብ ያመጡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ወራት የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት ዳግም ተምረው እንደገና ይፈተናሉ፤ ያለፉት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ይሆናሉ። መርሐ ግብሩ ብዙ ወጣቶችን ከመንገድ መልሷል። ይሁን እንጂ በአራት ዓመት ያልተሠራን በአራት ወር ለመጠገን የሚደረግ ሙከራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም መኝታውን፣ ምግቡንና መምህሩን የሚያቀርበው ልጁ በወረዳው ሳለ ቢያገኘው ኖሮ በቀላሉ ሊማረው ይችል ለነበረው ትምህርት ነው።

የመንግሥት ፖሊሲ ራሱ በዝግጅት ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ለውጧል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፍሎ፣ ዘጠነኛና አሥረኛን አጠቃላይ፣ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛን ደግሞ መሰናዶ አደረጋቸው፤ ሐሳቡም ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ወደ መሰናዶ ማውረድ ነበር። የገጠሩ መሰናዶ ግን መምህሩም ቤተ መጻሕፍቱም ለዚያ የሚበቃ ስላልነበረ፣ የዩኒቨርሲቲውን ሸክም ስሙን ብቻ ለውጦ ተሸከመው። በ2010 ዓ.ም. የተነደፈው የትምህርት ፍኖተ ካርታ የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን አስቀርቶ ሁለተኛ ደረጃን ወደ አራት ዓመት መለሰ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ፍሬሽማን የሚባለው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። በወረቀት ላይ ይህ ማስተካከያ ነው፤ የኪራይ ተማሪውን ስንቅ ግን አንዱም ለውጥ አልነካውም።

እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው፣ የዚህ አገር ሰው ስለ ተማሪ መደገፍ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የራሱ ሥርዓት የነበረው መሆኑ ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ለዘመናት የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ጉባኤ ቤቶች ናቸው፤ ማስመስከሪያ ማለት በሌላ ቦታ የተማረ ሊቅ እንኳን መጥቶ ትምህርቱን አስመርምሮ ለማስተማር የሚያበቃውን ምስክርነት የሚያገኝበት ቦታ ነው። ወደ እነዚህ ቦታዎች ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ የሚጎርፈው የቆሎ ተማሪ በገዛ እጁ ጎጆ ቀልሶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምን ነበር፤ የአገሬው ሰውም ከእንጀራው እየቆረሰ፣ ከቆሎው እየዘገነ ይሰጠው ነበር። ኑሮው መራራ ነበር፤ ረኃቡን፣ የውሻ ንክሻውን፣ በወረርሽኝ የሚቀጠፈውን ልጅ የሚረሳ ሰው ሥርዓቱን ከሚገባው በላይ ያስውበዋል። ይሁንና አንድ ዋና ነገር ነበረው፦ ተማሪው የሚመገበው ገና እየተማረ ሳለ ነበር። እንጀራ የሰጠችው እናት ልጁ ቅኔ ይቆጥር እንደሆነ፣ ድጓውን ይዘልቅ እንደሆነ አስቀድማ አልፈተነችውም፤ በትምህርት ላይ መሆኑ ይበቃት ነበር። መምህሩም ያለ ክፍያ ያስተምር ነበር፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽል ነበር። የዛሬው ደጋ ይህን ልማድ ለዘመናዊው ተማሪ ያላወረሰው፣ ትምህርት የመንግሥት ሥራ ነው የሚለው እምነት ቦታውን ስለያዘበት ይመስላል።

የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትምህርት ቤቶችም ተመሳሳይ ጥበብ ነበራቸው። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃና በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ተማሪዎችን አዳሪ አድርገው ያስተምሩ ነበር። በ1950ዎቹ የተቋቋመውና ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተያያዘው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ደግሞ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የላቁ ተማሪዎችን ሰብስቦ የመጨረሻውን የሁለተኛ ደረጃ ዓመት በተሻሉ መምህራን ካስተማረ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያሻግራቸው ነበር። በእነዚህ ሁሉ ድጋፉ ከፈተናው ይቀድም ነበር። ጉድለታቸው ቁጥራቸው ማነሱ ነው፤ የዛሬውን ደቡብ ጎንደር ያቅፍ ከነበረው ከበጌምድር የሚያገኛቸው ልጅ በጣት የሚቆጠር ነበር።

የዛሬዎቹ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የዚያው ሐሳብ ወራሾች ናቸው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የስቴም ማዕከል፣ ማለትም ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ ላይ ያተኮረ የትምህርት ማዕከል፣ የአማራ ክልልን ጎበዝ ተማሪዎች በመግቢያ ፈተና መርጦ በቤተ ሙከራ ያስተምራል። በደብረ ብርሃን በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ኃይሌ ማናስ አካዳሚ ደግሞ፣ የታዋቂው የግዕዝ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ርብቃ ኃይሌና ባለቤቷ ዣን ማናስ የመሠረቱት አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ መክፈል ለማይችሉ ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ ተማሪዎቹንም ለአገር ውስጥም ለውጭም ዩኒቨርሲቲዎች ያዘጋጃል። የልዩ አዳሪዎች ውጤት በየዓመቱ ከፍተኛ መሆኑ የሚያረጋግጠው ነገር ቢኖር፣ ምግብ፣ መብራት፣ መጽሐፍና ትጉ መምህር ያገኘ የኢትዮጵያ ልጅ ፈተናውን ማለፍ የሚችል መሆኑን ነው። ነገር ግን ምርጦቹ ሲወሰዱ በወረዳው ትምህርት ቤት የሚቀሩት ብዙኃን ናቸው፤ ጎበዝ ጓደኛም፣ አንዳንዴም ጎበዝ መምህር፣ አብሯቸው አይቀርም። ስለዚህ ልዩ አዳሪ ለጥቂቶች መልካም መልስ ቢሆንም ለዞኑ መልስ ሊሆን አይችልም።

በአቅራቢያው ሊጠቀስ የሚገባው ሌላ ዕድል በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የትምህርት መርሐ ግብር ነው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ መርሐ ግብር ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ቅድሚያ በመስጠቱ ይለያል፤ ማየት የተሳነው ወይም በእግሩ መንቀሳቀስ የማይችል የደጋ ልጅ ከማንም በላይ ከትምህርት ቤት የራቀ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ትኩረት ተገቢ ነው። እዚህም ቢሆን ለማመልከት ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ ይጠይቃል፤ ቁልቁለት ወርዶ ዳገት ወጥቶ ትምህርት ቤት መድረስ ላልቻለው ልጅ ዕድሉ የሚመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ወደ ውጭ አገር የሚወስደው መንገድ ለሁሉም ክፍት ቢመስልም፣ የሚጠይቀው መረጃና ቅድመ ዝግጅት ከባድ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስትን የመሳሰሉ የአሜሪካ ተቋማት የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅም ከቅበላው ውሳኔ ለይተው የሚያዩና የተቀበሉትን ተማሪ ሙሉ ፍላጎት የሚሸፍኑ ናቸው፤ የሃንጋሪ፣ የቱርክና የቻይና መንግሥታትም ለኢትዮጵያውያን የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ሆኖም የአራት ዓመት የትምህርት ማስረጃ፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ድርሰት፣ የቋንቋ ፈተና፣ ፓስፖርትና ያልተቋረጠ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ይህን ሁሉ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚነግረው አማካሪ አለው፤ የስማዳ ልጅ ስለ ዕድሉ መኖር የሚሰማው ብዙ ጊዜ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ የመረጃ ክፍተት የሚጠቀሙት ስኮላርሺፕ እናስገኛለን እያሉ ከወላጅ ገንዘብ የሚቀበሉ ደላሎች ናቸው፤ ዕድሉን ለማስገኘት አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው ወላጅ ሊያምነው አይገባም።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ተጨምሯል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ጋይንት ደርሶ ንፋስ መውጫ ስትያዝ፣ ደብረ ታቦርም የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰማች፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤት ዘግቶ፣ በመላው ክልል ሚሊዮኖችን ከትምህርት ገበታ አስቀርቷል። ሁለትና ሦስት ዓመት የተቋረጠበት ተማሪ ዕድሜው ከክፍሉ ይበልጣል፤ ወንዱ ወደ ሥራ ፍለጋ፣ ሴቷ ወደ ትዳር ሄደው መመለሳቸው አጠራጣሪ ነው። ለእነዚህ ልጆች ስለ ፈተና ዝግጅት ከመናገር በፊት ትምህርት ቤቱ በሰላም መከፈት አለበት፤ በየትኛውም ወገን መሣሪያ የያዘ ሁሉ የትምህርት ቤትን ደጅ ሊያከብር ይገባል።

ትምህርት ቤት በተከፈተበት ቦታ ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። በየክረምቱ ከዩኒቨርሲቲ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ የሚሰጡት የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ተማሪው ቲቶሪያል የሚለው፣ በሒሳብ፣ በእንግሊዝኛና በፊዚክስ ላይ ቢያተኩርና ከዘጠነኛ ክፍል ቢጀምር ከመጨረሻው ዓመት ጥድፊያ ይሻላል፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ቤተ ሙከራውንና የኮምፒውተር ክፍሉን ቅዳሜና እሑድ ለአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሊከፍት ይችላል፤ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና በተስፋፋበት ዘመን ይህ ቅንጦት አይደለም። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በአባላት መዋጮ ትምህርት ቤት ሲገነባ የኖረው የአማራ ልማት ማኅበር፣ አልማ፣ ከመማሪያ ክፍል ጎን የገጠር ተማሪዎች ማደሪያን ቢያስቀድም የተሠራው ክፍል ራሱ ባዶ ከመሆን ይድናል።

የዞኑ ተወላጆች፣ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ያላችሁ፣ ልትረዱ ስታስቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ብቻ አትፈልጉ፤ እርሱ ቢያንስ መኝታና ምግብ አለው። ከጋይንት፣ ከእብናት ወይም ከፋርጣ ገጠር ወጥታ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባችን አንዲት ተማሪ በትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህርና በወላጅ ኮሚቴው በኩል ፈልጉ፤ የቤት ኪራይዋን፣ የምግቧንና የመጽሐፏን ወጪም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክትጨርስ ድረስ ሳታቋርጡ ሸፍኑላት።